ፖቶ የሚባል ተከላካይ

በዚህች አገር የእግር ኳስ ስታትስቲክስ መያዝ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ሰው ጨዋታውን አይቶ፣ ጮኾ፣ ተሳድቦ ቤቱ ይገባ ነበር እንጂ ማን ስንት ኳስ አስጣለ፣ የትኛው ቡድን ስንት የማዕዘን ምት አገኘ ብሎ በወረቀት ያሰፈረ አልነበረም። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ጎረቤቶቻችን ካልተቀየሙኝ የመጀመሪያው አፍሪካዊ፣ እኔ ነኝ።

ይህንኑ ዛሬ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ባጃጃቸውን አቁመው ፉል ለሚበሉ ልጆች ነገርኳቸው። አንደኛው ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "ጋሼ፣ ታዲያ መረጃው የት አለ?" አለኝ።

መረጃው! ይህ ልጅ የትናንቱን የዓለም ዋንጫ ጨዋታ አላየም። ተኝቶ ነበር። ስልኩ ግን ሁሉን ነግሮታል፤ ተከላካዩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ፣ ኳስ ስንት ጊዜ እንደነካ፣ ከአሥር ስንት እንደተሰጠው። "ይሄ ሰውዬ ባዶ ነው" ብሎ ፈረደበት። "ጨዋታውን ሳታይ?" ብለው፣ "ማየት ምን ይጨምርልኛል?" አለ። ንዴቴ ከእግሬ ጥፍር ተነስቶ መነጽሬን አደበዘዘው። ጉሮሮዬ ውስጥ የገባው ፉል ራሱ የፈላ መሰለኝ።

"መረጃውማ ነበረኝ" አልኩት። "ግን ተሰረቅሁ። ናስር የሚባል ሰው አለ፣ ታይዋን ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፣ ዕድሌን የሰረቀኝ እሱ ነው።"

ልጆቹ ወንበራቸውን አስጠጉ። የሌብነት ወሬ ያለ ስልክም ይሰማል።

ያኔም የዓለም ዋንጫ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ዕድሜዬን የምታሰሉ አላችሁ። ወሩ ሰኔ ነበር፣ የድሬ ሰኔ። በቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ እንቁላል ብትወረውር መጀመሪያ ዶሮ ይሆናል፣ ቀጥሎ ዶሮው ተጠብሶ ይወርድልሃል። ሰዉ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ ነበር የሚሄደው። የሠፈራችን ቡድን ልምምድ የሚሠራው ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደርቆ በሚኖረው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲሆን፣ የግቦቹ ቋሚዎች አሸዋው ውስጥ የተተከሉ አሮጌ የባቡር ሐዲዶች ነበሩ። ኳስ ሲመታቸው ድምፁ እስከ ገበያ ይሰማል።

አሠልጣኛችን ጋሽ ታደለ ከባቡር መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣ፣ እንደ ሐዲዱ ቀጭንና ቀጥ ያለ ሰው ነበር። እንደ ዘመኑ የባቡር ሰዎች ሁሉ ሲደሰትም ሲናደድም አማርኛው ያልቅበትና በፈረንሳይኛ ይቀጥላል። ሁላችንንም "ሞናሚ" ብሎ ነው የሚጠራን፤ ወዳጄ ማለት ነው። አንድ ቀን አሸዋው ላይ ሰብስቦን ቡድናችን ጅቡቲ ሄዶ የወዳጅነት ጨዋታ እንዲያደርግ መጋበዙን ነገረን። በባቡር! ተጫዋቾቹ ይሄዳሉ፤ ከእነሱ ሌላ ለአንድ መዝጋቢ ብቻ ቦታ አለ።

መዝጋቢ ለመሆን የምንችለው ሁለት ነበርን። አንዱ ናስር ነው። ከእኛ ቤት ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር፣ አስም ስላለበት የማይጫወት፣ አብሮ አደጌ። ሌላው እኔ ነኝ። እኔ የማልጫወተው አስም ኖሮብኝ ሳይሆን ኳስና እግሬ ተኳርፈው ስለኖሩ ነው።

"ሁለታችሁም የዓለም ዋንጫውን መዝግቡ" አለ ጋሽ ታደለ። "ሲያልቅ አያለሁ። የተሻለ የያዘው ይሄዳል።"

ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ይህ ለሌላ አገር ሰው ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል። እኛ ግን ጨዉም፣ ሸሚዙም፣ ሽቶውም፣ ሩዙም ከባሕር መጥቶ በደጃችን የሚያልፍ ሰዎች ነን። ባሕሩ ራሱ ብቻ ነበር የቀረብኝ። ልሄድ ነው ብዬ ስላሰብኩ ሌሊቱን በሕልሜ ዋኝቼ ጠዋት ፀጉሬን ደረቅ ሆኖ ሳገኘው ገረመኝ።

ቴሌቪዥን የነበረው በቀበሌው አዳራሽ ብቻ ነው። መብራት ደግሞ ሰዓት አክብሮ የሚጠፋው ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ነው። ስለዚህ ምርጫችን በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ሆነ። ናስርና እኔ ከሰዓት በኋላ በናስር ቤት ደጅ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን፣ እሱ የሱን ሬዲዮ እኔ የኔን ጆሯችን ላይ እንለጥፋለን። እናቱ አዴ ፋጡማ በዚያ ሰዓት ሙሸበክ ትጠብሳለች። እንደ መረብ የተጠላለፈ፣ ስኳር ውኃውን ጠጥቶ የሚንጠባጠብ ጣፋጭ ነው፤ የዚያን ክረምት የኔ ወረቀቶች በሙሉ ሙሸበክ ሙሸበክ ይሸቱ ነበር።

ናስር የሚሰማው በሶማሊኛ ነበር፣ የቤቱ ቋንቋ። እኔ ግን ከጅቡቲ በኩል የሚመጣ የፈረንሳይኛ ጣቢያ አገኘሁ።

"በሶማሊኛ ኳስ ይሰማል እንዴ?" አልኩት። "የኳስ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው።"

"አንተ ደሞ መቼ ነው ፈረንሳይኛ ያወቅኸው?"

"ተወልጄበት!"

"ወርያ፣ የተወለድከውማ ለገሃሬ ነው" አለኝ እየሳቀ። "አቦ፣ እኔ የሚገባኝን ነው የምሰማው።"

ናቅኩት። እውነቱን ለመናገር ከፈረንሳይኛ የማውቀው ቦንዡርን፣ ሜርሲንና ጎረቤታችን የባቡር ነጂ ሲበሳጭ የሚሳደባትን አንዲት ስድብ ነበር። ግን ስም ለመለየት ቋንቋ ማወቅ ያስፈልጋል? ሰውየው ስም ሲጠራ እሰማለሁ፣ ከስሙ ፊት ለፊት አንድ መስመር እጥላለሁ። ናስር በአንዲት ቀጭን ደብተር ግብ ያገባውን ሰውና ደቂቃውን ብቻ ሲጽፍ፣ እኔ ያረጁ የባቡር ጭነት ቅጾችን ጀርባ በሙጫ አያይዤ የአልጋ አንሶላ የሚያህል ሠንጠረዥ ሠራሁ። የግብ ሙከራ፣ ያቀበለ፣ ያስጣለ፣ ከግብ ያዳነ፣ ጥፋት የሠራ። የተጫዋቹ ለብቻ፣ የቡድኑ ለብቻ። የዛሬው ስልክ የሚያውቀውን ሁሉ እኔ ያኔ በእርሳስ አውቄው ነበር።

የኔን ተከላካይ ያገኘሁት በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ነው። አጥቂው ኳሷን ይዞ ገሰገሰ፤ የሬዲዮው ሰውዬ ድምፅ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ "ሱር ለ ፖቶ!" ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም "ኦኦኦ!" አለ። ግብ የለም። ምን እንደሆነ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ግብ ልትሆን የነበረችውን ኳስ አንድ ሰው መለሳት። "ሱርለ ፖቶ" ብዬ ጻፍኩ፣ አንድ መስመር፣ ከግብ ያዳነ በሚለው ሥር። ከዕረፍት በኋላ ደግሞ መለሰ። በማግስቱ ሌሎች ቡድኖች ሲጫወቱም መለሰ። በሦስተኛው ቀን መስመሮቹ ከሠንጠረዡ ወጥተው ኅዳግ ላይ መሄድ ጀመሩ። አንድ ሳምንት ቢጨመርለት ወረቀቱን ጨርሶ አግዳሚው ላይ ይቀጥል ነበር።

"ይሄ ፖቶ የምትለው የየት አገር ነው?" አለኝ ናስር በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወረቀቴን እያየ።

"የሁሉም።"

"እንዴት የሁሉም?"

"መጋላ መሐል ቆመህ 'መሐመድ!' ብለህ ተጣራ፣ ስንት ሰው ዞር ይላል?"

ናስር አሰበና፣ "ግማሹ ገበያ" አለ።

"በቃ። እነሱም አገር ፖቶ የበዛ ስም ነው።"

"ሶማሊኛው ግን ይሄን ስም ጠርቶት አያውቅም።"

"ቅናት ነው" አልኩት።

አመነኝ። በእናንተም ላይ እንደዚህ ያለ ማስረጃ ቢቀርብ ታምኑ ነበር።

ዋንጫው ተበልቶ ባለቀ በሁለተኛው ቀን፣ ከልምምድ በፊት፣ ጋሽ ታደለ ፊት ቀረብን። የናስርን ደብተር በሁለት ደቂቃ አገላብጦ ጨረሰ። የኔን አሸዋው ላይ ዘረጋሁና ነፋስ እንዳይወስደው አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ያዝኩ። ጋሽ ታደለ መነጽሩን አድርጎ ተንበረከከ። ጣቱ በሠንጠረዡ ላይ ቀስ እያለ ተጓዘ፤ በቀይ ቀለም "የውድድሩ ምርጥ ተከላካይ፦ ሱርለ ፖቶ" ብዬ የጻፍኩት ላይ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። በአድናቆት እንባ እንደተናነቀው ገባኝ።

"አሸዋ ገባብኝ" አለ ዓይኑን እያሻሸ። ከዚያ ወረቀቴን ሌላ ሰው ሳያየው በጥንቃቄ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ያዘና፣ "ይሄ እኔ ጋ ይቀመጥ። ናስር ይሄዳል" አለ።

"ለምን?" አልኩ።

"ሞናሚ፣ ናስር የጻፈው ጥቂት ነው። ያልሆነ ነገር ግን የለበትም።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ቡድኑ በሙሉ ቆሞ ነበር። "ናስር ሌባ ነው!" ብዬ ጮኽሁ። "እናቱ በሙሸበክ ገዝታልሃለች! ጉቦኛ!"

ጋሽ ታደለ የስኳር በሽተኛ ነበር፤ ሙሸበክ አይደለም ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው፤ ይህን ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ናስር ትንፋሹ እያጠረው ቀረበኝ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር።

"እኔን የፈለግኸውን በለኝ" አለ። "እናቴን ግን አታንሳ። ትናንት ሙሸበክ ያበላችህ ማን ናት?"

ባቡሩ የሄደ ዕለት ጣቢያ አልወጣሁም። ፊሽካውን ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት፤ ትራሴን ነከስኩ። ሲመለስ ናስር አንድ ነጭ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይዞልኝ መጣ። "ጆሮህ ላይ አድርገው፣ ባሕሩ ይሰማሃል" አለኝ ከበሩ ሳይገባ። ከእጁ ተቀብዬ፣ ፊቱ ቆሜ፣ ጣሪያችን ላይ ወረወርኩት። ከዚያ በኋላ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ላይ ሲንከባለል እሰማው ነበር።

ከሳምንት በኋላ ልምምድ ነበር። ሳልሄድ መቅረት አቃተኝ፤ ስሄድ ደግሞ መቆጣቴ እንዲታይ ወንዙ ዳር ጀርባዬን በከፊል አዙሬ ተቀመጥኩ። አጥቂያችን ከሩቅ መታ። ኳሷ በረረች፣ በረኛው ተዘረረ፣ ጓ! ሐዲዱን መታችና ተመለሰች። ጋሽ ታደለ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ጮኸ፦

"አይ! ሱር ለ ፖቶ!"

ብረቱ ገና ያቃጭል ነበር። ብረቱን አየሁት። ኳሷን አየኋት። ቀና ስል ጋሽ ታደለ እኔን እያየኝ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፤ ወዲያው ዝናብ የመጣ ይመስል ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። በዚያ ሰማይ ላይ ዳመና የሚባል አልነበረም። ወረቀቴን የጠቀለለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ወረቀት ቡድኑ ቢያነበው ኖሮ ድሬ ውስጥ ስሜ ፖቶ ሆኖ ይቀር ነበር። ሽማግሌው ምስጢሬን ለማንም ሳይተነፍስ ኖሮ ሳይተነፍስ አለፈ።

ከዚያ ተነስቼ ናስር ቤት መሄድ ነበረብኝ። ሦስት ቤት ነው። አልሄድኩም። እንዲያውም ንዴቴ ባሰ። ብረቱ ላይ ተናደድኩ፣ ሬዲዮው ላይ ተናደድኩ፣ ፈረንሳይኛን በፈጠረው ሰው ላይ ተናደድኩ፤ የዚህን ሁሉ ድምር ናስር ላይ ጫንኩት። መንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ እንደተሰረቅሁ ማውራት የጀመርኩት የዚያን ቀን ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን ለልጆቹ ወሬዬን ባሕሩን ሳላይ በቀረሁበት ላይ ሳቆመው ያ የባጃጅ ልጅ፣ "ጋሼ፣ ታዲያ በዚያ ውድድር ምርጡ ተከላካይ ማን ነበር?" አለኝ።

"ፖቶ" አልኩት።

ስልኩ ላይ ጻፈ። ጠበቀ። "እንዲህ የሚባል ተጫዋች የለም ይላል።"

"ስልክህ ምን ያውቃል!" ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። በታይዋን ሳልፍ ናስር እንደ ወትሮው ከሱቁ በር ላይ ተቀምጦ፣ ጎምዛዛውን የሁመር ጭማቂ ብርጭቆ ከፍ አድርጎ፣ "አቦ፣ ምነው ፊትህ እንዲህ ጠቆረ? ግባ ጠጣ!" አለኝ። እጄን አውለብልቤ አለፍኩ።

ስለዚህ እዚሁ ልናገረው። ስንት ቀን ለፍቼ፣ በቀይ ቀለም ጽፌ፣ የዓለም ዋንጫው ምርጥ ተከላካይ ብዬ የመረጥኩት የግብ ቋሚ ነበር። ይህንንም ያወቅሁት ያኔውኑ ነው። ናስርን ሌባ ማለት ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አላቆምኩም።