ከትከሻ የሚወርድ ዱላ

ወንድሜ በድንበር የተጣላውን ጎረቤታችንን ገድሎ ተከሰሰ። «ዱላ ስላነሳብኝ ራሴን ለመከላከል ነው የመታሁት» አለ። ከሙጃ ገበያ ስንመለስ አብሬው ስለነበርኩ ለምስክርነት ተጠራሁ። እናቴ ፍርድ ቤቱ በር ላይ «አነሳ በይ፣ ልጄ፤ ሌላ እንዳትጨምሪ» አለችኝ።

ዳኛው «ዱላውን አንስቶ ነበር?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ።

«እንዴት አድርጎ?»

ሟቹ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ እጆቹን ሰቅሎበት ነበር የመጣው። በእኛ አገር ሰው ሰላም ሲሉ ዱላ ከትከሻ ይወርዳል። እሱም በአናቱ አሳልፎ ሊያወርደው ሲል «እንደምን…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ወንድሜ ግን ከጠቡ ወዲህ ሰላም ስለማይባባሉ ሊመታኝ ነው ብሎ ቀደመው።

ይህን አንገቴን ደፍቼ ተናገርኩ። ዳኛው «አልተሰማም፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አሉኝ። ስደግመው ወንድሜ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ለእሱም ያን ጊዜ ነው የገባው።