ነገን ያለ ፈቃድ

ጀርመንኛ የተማርሁት በእንግሊዝኛ ነው። ባሕር ዳር ላይ ያገኘነው መጽሐፍ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተጻፈው ብቻ ነበር። በየገጹ «እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንደመሆናችሁ ይህን በደመ ነፍስ ታውቁታላችሁ» ይለናል። ክፍሉን የሞላን ነርሶች እርስ በርስ እንተያያለን። ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንግሊዝኛ ተምረናል፤ ደመ ነፍሳችን ግን ገና አልሰማም።

የጀርመንኛ ግስ ስላለፈ ጊዜ ሲነገር ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይሄዳል። መጽሐፉ እዚህ ላይ ሙሉ ገጽ «አይዟችሁ» ብሎ ያጽናናል። እኛ ከተወለድን ጀምሮ ግስ መጨረሻ ላይ ስናስቀምጥ ስለኖርን ማጽናኛውን ሳናነብ አለፍነው። ስለ ነገ ሲያወሩ ደግሞ ጀርመኖች ብዙ አይጨነቁም፤ «ነገ እመጣለሁ» ይሉና ያበቃል። ጀርመንን በስልኩ ብቻ የሚያውቀው ወጣቱ መምህራችን «ትንቢቱን ለነቢያት ተዉት» አለን።

ችግሩ ቤት ነበር። አባቴ ጣና ዳር ባለ ደብር ሲያስተምሩ የኖሩ ቄስና የቅኔ መምህር ናቸው። እናቴ ካረፈች፣ እኅቶቼም ካገቡ ወዲህ ዘንዘልማ ባለው ቤታችን የቀረነው ሁለታችን ነን። ግስ ሲረባ መስማት ስለሚወዱ፣ ሳጠና አጠገቤ ተቀምጠው ያዳምጡኛል። አንድ ቀን «ነገ እመጣለሁ» የሚለውን ስተረጉምላቸው ግን ተቆጡ።

«‹እግዚአብሔር ቢፈቅድ› የሚለው የታለ?»

«የለውም፣ አባየ።»

«ነገን ታዲያ ማን ሰጣቸው?»

በእኛ ቤት ያለዚያ ቃል ስለ ነገ አይወራም። ቲማቲም ልገዛ እንኳ ስወጣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ነው የምገዛው።

ጀርመን አገር ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ይጠብቀኝ ነበር፤ ፈተናውን ካላለፍሁ ግን ሥራውም የለም። አዲስ አበባ ሄጄ ለፈተና ተቀመጥሁ። ፈታኟ ስለ መጪው ዓመት ዕቅዴ ጠየቀችኝ። አፌ ካደገበት አልወጣ አለ። ቃሉን በጀርመንኛ ተርጉሜ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ እሄዳለሁ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ እሠራለሁ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ቤት እከራያለሁ አልሁ። ሴትዮዋ እስኪርቢቶዋን አስቀምጣ «አንቺ ራስሽ የወሰንሽው ነገር የለም?» አለችኝ። ሰዓቱም አለቀ፣ እኔም ወደቅሁ።

አባቴ ምክንያቱን ስነግራቸው ዳዊታቸውን ገለጡ። መውደቄ ደስ ያላቸው መስሎኝ ተናደድሁ። ሁለተኛ ስፈተን ቃሉን በሆዴ እያልሁ በአፌ ዘለልሁት፤ አለፍሁ።

የምሄድ ቀን ኤርፖርቱ በር ድረስ በባጃጅ ሸኙኝ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሲያበቁ እጄን አልለቅ አሉ።

«ለፋሲካ ትመጫለሽ» አሉኝ።

የቀረውን ቃል ጠበቅሁ። አልመጣም።

«‹እግዚአብሔር ቢፈቅድ› አይሉም፣ አባየ?»

«ትመጫለሽ አልሁሽ እኮ!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ቃሉን እኔው በሆዴ አልሁላቸው።