አባቴ የሚቀዳድዳቸው ካርቶኖች

ምን አለሽ ተራ የነበረችው የአባቴ የቆርቆሮ መሥሪያ ዛሬ በቦታዋ የለችም። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬ የመዶሻውን ድምፅ ይፈልጋል። ስምንት ሰው እየተጋፋ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠራባት ጠባብ ቤት ነበረች። ያኔ ራሴን ያዞረኝ የነበረው ጫጫታዋ ሳይቀር አሁን ይናፍቀኛል።

አባቴ አንድ ልማድ ነበረው። ከብረት የተቆረጠው የምድጃው ዋና ልክ ከሣጥን አይወጣም። ሥራ ሲኖር ልኩን ካርቶን ላይ ገልብጦ ይቆርጥና ለሠራተኞቹ ያድላል፤ እነሱ ካርቶኑን ቆርቆሮው ላይ አስቀምጠው በዚያው ልክ ይቆርጣሉ። ምድጃው ሲበቃ ደግሞ «አቁሙ» ብሎ አይጮህም። በመሃላቸው እየዞረ ካርቶኑን ከእጃቸው ይወስድና ይቀደዋል። «ልኩ በእጁ ያለ ሰው አቁም ቢሉት አይሰማም» ይል ነበር። እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ወንድሙ ሞቶ ወሎ ለቅሶ ሄደና ካርቶኖቹን ሳይቀድ ቀረ። ሲመለስ ምድጃው በሩን ዘግቶ፣ አልፎ የጎረቤት ደጃፍ ድረስ ተደርድሮ አገኘው። ጎረቤቶቹ ሲያሾፉበት ከረሙ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ማይክሮ አር ኤን ኤ የተማርኩ ቀን ከክፍሉ ሁሉ ብቻዬን የሳቅሁት ለዚህ ነው። መምህራችን ተቆጡ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጨርስ አባቴ አንገቱ ላይ ዕብጠት ወጣበት። ተመረመረ፣ ካንሰር ነው ተባለ፤ ሐኪሙ ሳይቆይ በቀዶ ጥገና ይውጣ አለ። አባቴ እምቢ አለ። «ዕጢ ቢላ ከነካው ይቆጣል» አለ፤ ተራው በሙሉ የሚያምነው ይህን ነው፤ ሊጠይቀው የመጣ ሁሉም «ልክ ነዎት ጋሼ» እያለ ይሄዳል። ሦስት ሳምንት ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ጮህኩበት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

አንድ ጠዋት መሥሪያው ደጃፍ ከጎኑ ተቀመጥኩና ቁጣዬን ትቼ በሱ ቋንቋ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ በሰውነትህ ሕዋስ ውስጥም ዋናው ልክ ከሣጥኑ አይወጣም። የሚወጣው ቅጂው ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚሉት ደቃቅ ነገር አለ፤ ቅጂውን ይይዝና ሥራ ያስቆመዋል፣ አለዚያም ያስቀድደዋል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ሲጎድሉ ‹እደግ› የሚለው ቅጂ ሳይቀደድ ይቀራል። ሕዋሱ መብዛቱን አይተውም፤ መሞት ያለበትም አይሞትም።»

«ለቅሶ የሄድኩ ጊዜ እንደሆነው» አለ።

«አዎ።»

«ቢላውስ?»

«ቢላው በሩን የዘጋውን ምድጃ የሚያነሳ ነው። ጎረቤት የሚደርሰው ሳናነሳው ስንቀር ነው።»

አንገቱን ነቀነቀ። የክፍል ጓደኞቼ በወር ያልገባቸው ነገር በአንድ ጠዋት ገባው፤ ኮራሁበት። አሸነፍኩ ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«ይሄ የሚቀደው ነገር በሰው ላይ ሲጎድል፣ ልጅ ከአባቱ ይወርሰዋል?»

ያኔ ገባኝ። ቢላውን አልነበረም የፈራው።

«ከፍተው ሲያዩት የዘር ነው ቢሉኝስ ብዬ ነው» አለ። «እኔማ ኖሬያለሁ። ወላሂ፣ ባንቺ ላይ መሆኑን ከምሰማ ሳላውቀው ብሞት ይሻለኛል።»

አልፎ አልፎ በዘር የሚመጣ ካንሰር እንዳለ አውቃለሁ። የሱ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

«አይወረስም» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ፊቱ ሲበራ አየሁት። «እንግዲያው ተነሺ እንሂድ፤ ይቁረጡት።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ የሞተውም በሌላ ሕመም ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተመረመርኩም።