ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ

እናቴ ሳንባዋን ታማ በባሕር ዳርቻው ከተማ ሐኪም ቤት በተኛችበት ዘመን፣ አባቴ በየሳምንቱ ከኢየሩሳሌም ሊጠይቋት ይወርዱ ነበር። አውቶቡስ ያጥወለውላቸዋል። የእንፋሎቱ ባቡር ደግሞ ሸለቆውን እየተጎተተ ሲያደርሳቸው የጠያቂ ሰዓት ያልፋል። ብዙ ጊዜ ቋጠሯቸውን ለበረኛው ሰጥተው፣ ፊቷን ሳያዩ ይመለሳሉ። ከጣቢያው እስከ ኢትዮጵያ ጎዳና በእግር መጥተው «ደኅና ናት አሉኝ» ይሉኛል። ያቺ «አሉኝ» ታበግነኝ ነበር።

ያን ጊዜ ኢየሩሳሌም በሽቦ ለሁለት ተከፍላለች። አሮጌው ገዳማችን ከሽቦው ወዲያ፣ እኛ የጎዳናው ደብር ሰዎች ከወዲህ ነን። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። እኔ በባቡር መሥሪያ ቤት የመንገደኞች ክፍል እሠራለሁ፤ ለኢየሩሳሌም መስመር የናፍጣ ባቡር ሲመረጥም ከመራጮቹ ጋር ነበርሁ። አንዱ አሮጌዎቹን ፉርጎዎች የሚጎትት ከባድ ሎኮሞቲቭ ነው፤ ጉልበት አለው፣ በጠመዝማዛው መንገድ ግን ከእንፋሎቱ ብዙም አይፈጥንም። ሌላው ሞተሩ ከወለሉ ሥር ያለ ቀላልና ፈጣን ባቡር ነው። እሱ ከተመረጠ አባቴ ከጠያቂ ሰዓት በፊት ይደርሳሉ። መሐንዲሶቹ ስለ ነዳጅና ስለ ፍሬን ሲከራከሩ እኔ የማስበው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ቀላሉ ባቡር ባዶውን ጥሩ ሄደ። ቀጥሎ ሞልቶ ሊሞከር ሲል ለክብደት የታዘዘው የአሸዋ ከረጢት ሳይመጣ ቀረ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የደብሩን ሰው በነጻ ሽርሽር ስም ጠርቼ አመጣሁ፤ መነኮሳቱን፣ ጥቂት እማሆዮችን፣ በግቢው ዙሪያ የሚኖሩትን ቤተሰቦች ሁሉ።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። መንገድ በጸሎት ይጀመራል ብለው ውዳሴ ማርያም አነሡ። እሳቸው ሲነሡ የቀረውም ሰው ተነሣ። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ባቡሩ ጀርባ፣ አዙረው እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ቆሙ። ወንዶቹ እጅግ ይበዙ ነበር። በየመታጠፊያው ባቡሩ ወንዶቹ ወደ ቆሙበት ወገን ያዘነብላል። ተቀመጡ ብዬ ብለምን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ታች ጣቢያው ስንደርስ አብሮን የተሳፈረው ዋና መሐንዲስ ይህ ባቡር ለዚህ መንገድ አይሆንም ብሎ ፈረደ።

ያዘነበለው ሕዝቡ ነው እንጂ ባቡሩ አይደለም ብዬ ሥርዓቱን አስረዳሁት፤ ሳልጮህበት አልቀረሁም። ተሰላችቶ፣ ስትመለሱ በሁለቱም ወገን እኩል ተቀመጡ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሙከራ የለም አለኝ።

አባቴ እምቢ አሉ። ወንድና ሴት ተደባልቆ አይጸለይም አሉኝ። ፉርጎ ነው እንጂ ቤተ መቅደስ አይደለም ብዬ ተቆጣሁ። ጸሎት የተደረሰበት ሁሉ ቤተ መቅደስ ነው ብለው መለሱልኝ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባዬ፣ ይህ ባቡር ካልተመረጠ እናቴን አያዩዋትም። እንደ ልማድዎ ከበር ይመለሳሉ» አልኋቸው።

አባቴ ወደ መነኮሳቱ ዞረው በመቋሚያቸው ቀኙን ወንበር አሳዩ፤ ግማሾቹ ሄደው ተቀመጡ። ራሳቸው ግን ከግራው ንቅንቅ አላሉም። ባቡሩ ሳያዘነብል ዳገቱን ወጣ፣ መሐንዲሱም ፍርዱን ቀየረ።

ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ አባቴ «ከስታለች፣ ግን ሳቀች» እያሉ ይነግሩኝ ጀመር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እናቴ ስትድን በዚያው ባቡር አመጣናት። እሷ በቀኝ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ አባቴ ከመተላለፊያው ወዲያ፣ በግራ። ፉርጎው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሸለቆው ውስጥ ስንገባ እናቴን ሳል ያዛት። አባቴ ተነሥተው ተሻገሩ፣ ከጎኗ ተቀመጡና ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አስተካከሉላት።

«አባዬ፣ ባቡሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል» አልኋቸው ላሾፍባቸው ፈልጌ።

«ያዘንብል» አሉኝ።