መጅሁላ የተባለችው ሴት

በደሉ ይህ ነው። በካርቱም የአል-ማንሺያ ሰፈር ነዋሪ የነበሩት እመቤት፣ ሲት ወፋ፣ ለሙሽራ የተሠራ የአልጋ ልብስ ከቤት ሠራተኛቸው ከመዲና እጅ በትውስት ወሰዱ፤ በሕዝብ ፊት ሰቀሉት፤ የሠሪዎቹን ማንነት እያወቁ «አይታወቅም» የሚል ጽሑፍ ለጠፉበት፤ ሲጠየቁም አልመለሱም። ይህ የተፈጸመው የሱዳኑ ጦርነት ከመነሣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ጦርነቱን ሰበብ ማድረግ አይቻልም።

መዲና የወሎ ልጅ ናት፤ የሐርቡ ሰው። ካርቱም የገባችው ለሰው ቤት ሥራ ነው። ስድስቱን ቀን ሲት ወፋ ዘንድ እያደረች ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ታበስላለች። ጁምዓ የራሷ ነው። ከሰላት በኋላ ሐፍላ ትሳፈራለች፤ ሐፍላ የሚሉት ሚኒባሱን ነው፤ ተጨናንቃና ላብ አጥምቋት ካላክላ ሰፈር ትወርዳለች። ቦርሳዋ ውስጥ ክር፣ መርፌና ኪሮሽ አለ።

ስድስት ቀን በእጇ ስትሠራ የከረመች ሴት በሰባተኛው ቀን ስለ ምን መርፌ ታነሣለች? የተጠየቁት ሴቶች ሁሉ በመጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ መዲና እንዲህ አለች፦ «ስድስቱን ቀን እጄ የሰው ነው። ጁምዓ ለት ግን የት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም፤ ዝም ብዬ አየዋለሁ።»

የሚሰበሰቡት በማናል ሆሽ ነው፤ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ በሚያጠላው ግቢ። ማናል እናቷ ወሎዬ፣ አባቷ ሱዳናዊ ናቸው፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ካርቱም ነው። ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ስለምትሠራ የተረፈ ጨርቅ በፌስታል ይዛ ትመጣለች። ዐረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ አማርኛዋ ግን ከእናቷ ጓዳ ርቆ አልሄደም፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ታደርጋለች።

«ያላ፣ መርፌው የት ሄደች?» ትላለች።

«መርፌው ባል ፍለጋ ሄደች፤ አንቺ ቁጭ በይ» ትላታለች ናስራ። ናስራም የወሎ ልጅ ናት፤ ከሁሉም በዕድሜ ታናሽ፣ በምላስ ግን ታላቅ።

በዚያ ግቢ አንድ ሕግ አለ፦ እጇ የቆመ አፏ ይቁም። ማውራት የሚፈቀደው መርፌው እስከሄደ ድረስ ብቻ ነው። ይህን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ሆኖም ውጤቱን ማየት ይቻላል። ወሬው በጣፈጠ ቁጥር ጥልፉ ይፈጥናል። ከተሠሩት ልብሶች ላይ የትኛው ስፌት በየትኛው ሐሜት ላይ እንደተሰፋ ሴቶቹ በጣታቸው እያሳዩ ይናገራሉ፤ እዚህ ጋ የጎረቤቱ ፍቺ ነው፣ እዚህ ጋ ደግሞ ማናል የቀጠረችው የቧንቧ ሠራተኛ ውሃውን ወደ መኝታ ቤት የለቀቀበት ቀን ነው።

ከወሬዎቹ ሁሉ የታወቀው ግን የመዲና የራሷ ነበር። የቀረውን ለመረዳት እርሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

በአንድ ብርዳማ የጥር ወር ሲት ወፋ መዲናን ጠርተው «አባቴን ብርዱ አላስተኛቸውም፤ በእጅሽ የሱፍ ሹራብ ሥሪላቸው» አሏት። አባታቸው ሐጅ ጣይብ በዕድሜ የገፉ፣ ቀልድ ወዳድ ሰው ነበሩ። መዲና ትእዛዙን በደስታ ተቀበለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

«አጭር ይሁን ረጅም?»

«ረጅም። እስከ ጉልበት ይድረስ።»

እስከ ጉልበት! መዲና ባለጠጋ ሰው አለባበሱ ልዩ ነው ብላ ተቀበለችው። ባሕሪ ወርዳ ከሳዕድ ቅሽራ ገበያ ቀይ ሱፍ መረጠች፤ የሽማግሌውን ትከሻ ከሩቅ በዐይኗ ለካች፤ ሠራች። ባስረከበች ጊዜ ሲት ወፋ ልብሱን ዘርግተው አዩት፤ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ወንበር ይዘው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። በእኛ አገር ሹራብ የሚባለው ከላይ የሚለበሰው ነው፤ በካርቱም ዐረብኛ ግን ሹራብ ማለት ካልሲ ነው። ሲት ወፋ ያዘዙት ካልሲ ነበር።

ሐጅ ጣይብ ግን ልብሱን ከልጃቸው እጅ ነጥቀው ለበሱት። እውነትም ጉልበታቸው ደረሰ።

«ወላሂ፣ በዕድሜዬ ሁሉ እጅጌ ያለው ካልሲ ለብሼ አላውቅም!» አሉ። የብርዱን ወራት ሁሉ አላወለቁትም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ተነሥተው ያሳዩ ነበር። በተከታዩ ዓመት ሲሞቱ ልጃቸው ያን ቀይ ሹራብ ለማንም አልሰጡም፤ በቁም ሣጥናቸው አኖሩት። አጥፋ ያስቀመጠችው መዲና ናት። ይህ ነገር በኋላ ማስረጃ ስለሚሆን አንባቢ ይያዘው።

ናስራ በአል-ማንሺያ የዘበኝነት ሥራ ለነበረው ለኑርሁሴን በታጨች ጊዜ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው የአልጋ ልብስ ጀመሩላት። አሠራሩ ይህ ነው፦ እያንዳንዷ ሴት በአንድ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ላይ ከራሷ ሕይወት የወሰደችውን አንድ ነገር ትጠልፋለች፤ ቁራጮቹ በዳንቴል ይያያዛሉ፤ ዳንቴሉን ሁሉም በየተራ ወደ ማደሪያቸው እየወሰዱ ይሠሩታል። ሙሽራዋ አንድም ስፌት አትነካም። የመጨረሻው ክር ግን አይቆረጥም፤ ከጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። በሠርጓ ቀን ሴቶቹ እልል እያሉ ሙሽራዋ በመቀስ ትቆርጠዋለች። ያ ክር እስኪቆረጥ ድረስ ልብሱ አላለቀም፤ የማንም አይደለም።

ማናል የኒም ቅጠል ጠለፈች። መዲና እጅጌ ያለው ቀይ ካልሲ ጠለፈች።

«ወየው ጉዴ!» አለች ናስራ፣ አሻግራ አይታ። «በሠርጌ አልጋ ላይ የሽማግሌ ካልሲ ልታነጥፊብኝ ነው?»

«አብሽሪ፣ ባልሽ ሲያረጅ ያስፈልገዋል።»

«ኑርሁሴን አያረጅም። ዘበኛ ነው፤ ዕድሜንም በር ላይ ያቆመዋል።»

የመጨረሻው ተራ የመዲና ሆኖ ልብሱን ወደ አል-ማንሺያ ይዛ ሄደች። ዳንቴሉን በዕረፍት ሰዓቷ ስትሠራ ሲት ወፋ አይተው አጠገቧ ተቀመጡ። ቁራጮቹን አንድ በአንድ አስነገሯት። ቀዩ ካልሲ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳርፈው «አባቴ!» አሉ፤ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ። ከዚያ ልብሱን ለሁለት ቀን እንድታውሳቸው ጠየቁ፤ አባል የሆኑበት የሴቶች ማኅበር የእጅ ሥራ ትርኢት ያዘጋጅ ነበር። መዲና ልቧ ሞላ። የሴቶቹን ሥራ ሰው ሊያየው ነው! አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች፦ «ይህን የተንጠለጠለውን ክር እንዳትነኩብኝ፤ የሙሽራዋ ነው።»

«አውቄያለሁ» አሉ ሲት ወፋ። ያሉት ቃል በቃል ይህንኑ ነው።

በትርኢቱ ቀን መዲና አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ ለእንግዶች የከርከዴ መጠጥ ታድላለች። ልብሱ በመሐለኛው ግድግዳ ላይ፣ መብራት በርቶለት ተሰቅሎ ነበር። እንግዶች ይቆማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ። መዲና ትሪዋን እንደያዘች ቀረበች። የዐረብኛ ፊደል በልጅነቷ ቁርኣን ስትቀራ የለየችው ነው፤ ትርጉሙን ባታውቅም ፊደሉን ትቆጥረዋለች። በየሥራው ሥር አንዲት ቃል ለብቻዋ ተጽፋለች፤ በአንደኛው ሥር ራንያ ይላል፤ ስለዚህ ቃሏ የሠሪዋ ስም መሆኗን ተረዳች። ወደ ራሳቸው ልብስ ዞራ ቆጠረች። መጅሁላ ይላል።

መጅሁላ ማን ናት? መዲና አዳራሹን በዐይኗ ዞረችው። መልከ መልካም ሴቶችን አየች፤ ከመካከላቸው አንዷ መጅሁላ መሆን አለባት፤ ሥራዋም ሌላ ቦታ ያለ ስም ቀርቶባት ይሆናል። አዘነችላት። ሲት ወፋን በቀስታ ጠጋ ብላ እንዲህ አለቻቸው፦

«ሲት ወፋ፣ መጅሁላ የምትባል እንግዳ አለች? የእሷ ወረቀት ተሳስቶ የኛ ላይ ተለጥፏል።»

ሲት ወፋ ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ፈገግ አሉና «ተዪው አንቺ፤ ያላ፣ ከርከዴውን አዳርሺ» አሏት። ስለ ወረቀቱ አንዲት ቃል ቢናገሩ ኖሮ ስሕተት ነበር ለማለት ይቻል ነበር። አልተናገሩም። መዲና ስትመለስ የልብሱን ጫፍ አየች። የተንጠለጠለው ክር ለመልክ ሲባል ከሥሩ ተቆርጧል።

በሁለት ቀን የተባለው ልብስ አልመጣም። ጁምዓ ደረሰ። መዲና ማናል ሆሽ የገባችው ባዶ እጇን ነው፤ ክርም መርፌም አልያዘችም። ሁሉን ነገረቻቸው።

«መጅሁላ?» አለች ናስራ፣ መርፌዋን እየሰካች። «ምን ዓይነት ስም ነው? የየት አገር ሰው ናት?»

«የእመቤትሽ ዘመድ ትሆናለች» አለቻት ለመዲና ከሴቶቹ አንዷ።

«ኧረ ዘመድ አይደለችም፤ ዘመድ ቢሆን የአባቷን ስም ጨምረው ይጽፉላት ነበር። ይቺ አዲስ ሀብታም ናት። ወላሂ ባገኛት አልጋዬን እሷ ታንጥፍልኝ!»

ማናል ሻይ ይዛ ከቤት ስትወጣ ይህን ሰማች። ትሪውን መሬት ላይ አኖረች።

«መጅሁላ ሰው አይደለም» አለች። ቃል እየፈለገች ነበር። «መጅሁላ ማለት... የማይታወቅ ማለት ነው። ማን ሠራ፣ አላውቅም። አንቺ ነው መጅሁላ። እኔ ነው። ሁላችን ነው።»

እጆች ሁሉ ቆሙ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ፤ መርፌዎቹ ግን እንደቆሙ ነበሩ። ሕጉን ያነሣ አልነበረም።

በማግሥቱ ማናል ከሥራ ቀርታ ከመዲና ጋር አል-ማንሺያ ሄደች። ሲት ወፋ በሳሎናቸው ተቀበሏቸው፤ አስቀመጧቸው፤ አልጮኹም። ማናል በዐረብኛ ስትናገር ፊት ለፊቷ የሚቆም ቃል የለም።

«እኅቴ፣ ይህ የሙሽራ ልብስ ነው። ሙሽራዋ እየጠበቀች ነው።»

«ልጄ፣ ይህ አሁን ቅርስ ሆኗል። ቅርስ ደግሞ የአንድ ሰው ስም አይሸከምም።»

«ራንያ ስሟን ተሸክማ የለ?»

«ራንያ ሠዓሊ ናት።»

«ታዲያ መዲና ምንድን ናት?»

ማናል ቀጠለች፦ «ልብሱ ላይ ያለው ቀዩ የሐጅ ጣይብ ሹራብ ነው። እርስዎ ያውቁታል።»

«እኔና እናንተ እናውቃለን» አሉ ሲት ወፋ። «ሰው ግን ከሠራተኛ ማደሪያ የወጣ መሆኑን ከሰማ ዞር ብሎ አያየውም። የማይታወቅ ሲሆን ይጓጓለታል። ለናንተም ክብር ብዬ ነው።»

ይህ ቃል ሊመዘን ይገባዋል። ሲት ወፋ አለማወቃቸውን አልተናገሩም። እንዲያውም ማወቃቸውን ራሳቸው መሰከሩ፤ ማወቃቸውን ባይመሰክሩም ኖሮ ከቁም ሣጥናቸው ውስጥ ያለው ቀይ ሹራብ ይመሰክርባቸው ነበር። የልብሱ ሠሪ ያፈላችውን ሻይ ጠጥተዋል፤ ካልሲውን ባዩ ጊዜ አልቅሰዋል፤ ስለ ክሩም አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ ያ ጽሑፍ ስሕተት አይደለም፤ ሐሰት ነው። ለማክበር ሲባል የሰው ስም የሚሰወርበት ሥርዓትም በየትኛውም አገር የለም።

መዲና በዚያ ንግግር ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። «ክሩን ማን ቆረጠው?» ብላ ጠየቀች።

«የቱን ክር?» አሉ ሲት ወፋ።

መዲና በዚያው ሳምንት ቤቱን ለቀቀች። ልብሱን ለማስመለስ ማናል ሁለት ጊዜ ተመልሳ ሄደች፤ በሩን የከፈተላት ሰው እመቤቲቱ የሉም አላት። የሠርጉ ቀን ደረሰ። የናስራ አልጋ ከገበያ የተገዛ አበባማ አንሶላ ለበሰ። ሴቶቹ ልማዱ እንዳይቀር ብለው አንድ ክር ከአንሶላው ጫፍ ላይ ሰፍተው መቀስ አቀበሏት። ናስራ መቀሱን ተቀብላ ክሩን አየችው።

«ይህን ማን ሰፋው?» አለች።

«እኔ» አለች መዲና።

«እንግዲያ ይኑር» አለች ናስራ፣ መቀሱንም አስቀመጠች። «የታወቀ ሰው ክር አልቆርጥም። የኔው እስኪመጣ እንደተንጠለጠለ ይቆይ።»

እልልታው ተጀምሮ መሐል ላይ ቀረ፤ ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ጦርነቱ በትኗቸው ዛሬ ሴቶቹ በአንድ ግቢ አይደሉም። መዲና ደሴ ናት፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ጁምዓ ጁምዓ ትጠልፋለች፤ ሕጉንም አስተምራቸዋለች። ናስራና ኑርሁሴን ገዳሪፍ ናቸው። ከካርቱም ስትወጣ ናስራ ከያዘችው ጥቂት ነገር ውስጥ ክር የተንጠለጠለበት አንሶላ አለ። ሲት ወፋ ካይሮ ናቸው። ባለፈው ዓመት የአዲሱን ሳሎናቸውን ፎቶ በፌስቡክ ለጥፈዋል፤ ከሶፋው በላይ ልብሱ ተሰቅሏል፤ የኒሙ ቅጠልና ቀዩ ካልሲ በግልጽ ይታያሉ። ማናል ከፎቶው ሥር የሠሪዎቹን ስም በሙሉ በዐረብኛ ጻፈች። ጽሑፏ ጠፋ። እንደገና ጻፈች፤ እንደገና ጠፋ።

ከፎቶው ሥር አሁንም ያለው ቃል መጅሁላ የሚለው ነው። ልብሱ አልተመለሰም።