መድኃኒት ያልነካው ጥጥ

ሪሃም የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሰሞን የሕፃኗ አንገትና ብብት እየቀላ እንቅልፍ ነሳት። ከገበያ የተገዛውን ልብስ ሁሉ አውልቃ ከአማቷ አሮጌ አንሶላ ቀድዳ ብትሰፋላት ልጅቱ ዕረፍት አገኘች። ባሏ ሸውቂ ይህን አይቶ፣ "ጥጥ እኮ በእኛው ማሳ አለ። የትል መድኃኒት ባንረጨውስ?" አላት። የሕፃናት ልብስ ሥራቸው እንዲህ ተጀመረ።

ግብፅ ውስጥ በከፍር አል-ሼክ አካባቢ ጥጥን ያለ መድኃኒት ማሳደግ ግን ቀልድ አይደለም። ሁለቱ ማለዳ ጎንበስ ብለው ከቅጠል ሥር ትል ሲለቅሙ፣ አዋሳኙን ማሳ የሚያርሰው፣ በዩሚ የሚባለው የሸውቂ አጎት በአህያው ያልፋል።

"እናንተ ዶሮዎች! ዛሬስ ጠገባችሁ?"

"ና ብላ አጎቴ፤ ለአንተም ተርፏል!" ትለዋለች ሪሃም።

ጥጡን አስፈትለው፣ አሸምነው፣ በሮማን ልጣጭ ቀለም ነክረው ይሰፋሉ። ቁርጥራጩ ትራስ ይሞላበታል። የማእድ ቤቱ ትራፊም ፍግ ሆኖ ወደ ማሳው ይመለሳል። ደንበኞቻቸው የእስክንድርያ እናቶች ናቸው።

ባለፈው ዓመት ጥጡ ሊፈነዳ ሲል፣ አንድ ጠዋት ሪሃምን ከአጎትየው ማሳ የመጣ የመድኃኒት ሽታ አፈናት። ሮጣ ወጣች።

"አጎቴ! ነፋሱ ወደ እኛ ነው!"

በዩሚ አፉ ላይ ያሰረውን መሐረብ ዝቅ አድርጎ፣ "ነፋሱን እኔ ነኝ የላክሁት? ትል ጥጤን ሲጨርስ ቆሜ ልይልሽ?" አላት።

ራት ላይ ሸውቂ፣ "ትንሽ ነው የነካው። ደግሞ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ... ማን ያውቃል?" አለ።

"እህትህ ልትወልድ ነው። የልጇን ልብስ ከዚህ ልስፋላት?"

ሸውቂ የቆረሰውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰ። "እንዲህ አድርገሽ አትጠይቂኛ" አላት።

ምርቱን እንደ ማንኛውም ጥጥ ለነጋዴ ሸጡት። ሪሃምም ለደንበኞቿ በስልክ መልእክት ሰደደች፦ "ማሳችንን መድኃኒት ስለነካው ዘንድሮ አዲስ ልብስ የለንም። ልጆቻችሁ አድገው የጠበባቸውን ላኩልን፤ ጠግነን ለሌላ ሕፃን እናደርሳለን።"

አንዷ፣ "እስከ ዛሬስ ንጹሕ እንደነበረ በምን ልመን?" ብላ መለሰችላት። ኋላ ግን ከእስክንድርያ በአውቶቡስ አንድ ጥቅል መጣ፤ ቀጥሎም ሌላ። ጉልበቱ የተበሳውን ጠገነች፤ የደበዘዘውን ነከረች።

በዩሚ ወሬው ደርሶት መጣና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

"ዝም ብትሉ ሰው ያውቅባችሁ ነበር?"

"አያውቅም" አለ ሸውቂ።

"ታዲያስ?"

"ሕፃን ልብሱን ያኝካል፣ አጎቴ" አለችው ሪሃም።

ሽማግሌው ተነሥቶ ሄደ። ጥጥ ከመዘራቱ በፊት ግን ከራሱ መሬት ላይ ቆርሶ፣ ድንበሩን ይዞ ነፋስ የሚጋርድ በቆሎ ጥቅጥቅ አድርጎ ዘራ። ሸውቂ ሊያመሰግነው ቢሄድ፣ "ለእናንተ ብዬ መሰለህ? በቆሎ አምሮኝ ነው!" ብሎ አባረረው። መርጨቱን አልተወም፤ ብቻ ነፋሱ ጸጥ እስኪል ይጠብቃል።

ዘንድሮ ጥጡ ትንሽ ቢሆንም ንጹሕ ነው። እናቶቹም አሮጌውን መላክ አላቆሙም። ጥቅሉ ሲከመር ሸውቂ፣ "ቤታችን ልባሽ ተራ ሆነ እኮ!" እያለ ያጉረመርማል፤ እጁ ግን መርፌና ክር ይዞ ቁልፍ ይተክላል።