አሚን ያላልኩበት ወዳጃ

አማቴ «አላህ ይተካልሽ» ሲሉኝ የልጄ መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ኩፍኝ የደሴ ሰፈራችንን ሆጤን ቤት ለቤት በዞረበት ዓመት። ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ወንዱ ሞተ፣ ታላቋ ሴት ተረፈችልኝ፤ መትረፍ ከተባለ። አንድ ዓይኗ ጠፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታስል ታድራለች።

ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው ብዬ ስለምን፣ በር ላይ ቆመው «ኩፍኝ መርፌ አይወድም! ትገድያቸዋለሽ!» ያሉኝ እኚሁ አማቴ ናቸው። ባሌም የእናቱን ቃል አያጥፍም። ደጁን ዘግተን፣ ልጆቹን ጨለማ ውስጥ አስተኝተን ጠበቅን። ወላሂ፣ ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ደግሞ ተኪ! ለቅሶ የመጣው ሁሉ፣ «አብሽሪ፣ ወጣት ነሽ፣ ቶሎ ትተኪዋለሽ» ይለኛል። ልጄ የተሰበረ ገንቦ ነው እንዴ? የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ። የሰፈሩ ሴቶች ምክሩን ሰሙ፤ ልጅ የቀበረች ሁሉ በዓመቱ ሆዷ ገፋ። ኩፍኝ የማረውን ነገ ብሔራዊ ውትድርና እንደሚወስደው እያወቁ! አንዷ ጎረቤቴ ከሐዘኗ ሳትወጣ ፀንሳ፣ ፊቷ ደም እንደሌለው እየታየ፣ በምጥ ሞተች። እሷንስ ማን ተካት?

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለችኝን ልጅ ማዳን። ጉልበቴንም እንቅልፌንም ለሷ ልስጥ አልኩ። ደሴ ወሬ ስለማይደበቅ ኮምቦልቻ ወረድኩና አንድ ክሊኒክ ገብቼ የወሊድ መከላከያ ጠየቅሁ። ነርሷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ባልሽ ካልፈቀደ አንሰጥም፤ ይዘሽው ነይ» አለችኝ። ለባሌ ስነግረው «ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ሰው! የሚያምጠው ሰው ነው?

ሄዶ ለእናቱ ነገራቸው። አማቴ ወዳጃ ጠሩ፤ ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ቤቴን ሞሉት፣ እንድፀንስ ዱዓ ሊያደርጉልኝ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው «የሞተውን በሁለት ይተካልሽ» አሉ። ቤቱ በሙሉ «አሚን!» አለ። እኔ ዝም። «ማህፀንሽን ያለምልመው!» «አሚን!» እኔ አሁንም ዝም። አማቴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«አሚን በይ እንጂ! የተመረቀ ሰው ዝም ይላል?»

ልጄ ጉያዬ ውስጥ ነበረች። በተረፈችው አንድ ዓይኗ ቀና ብላ አየችኝና «እማ፣ እኔ ስሞትስ በማን ትተኪኛለሽ?» አለች። ሁሉም ሰማት።

ብድግ አልኩ። ሽማግሌ ፊት ሴት አትጮህም ይባላል፤ ጮህኩ።

«ሼሁ፣ አሚን የምልበት ዱዓ ያድርጉልኝ! ‘ይችን ያኑርልሽ’ ይበሉኝ! እስከ ዛሬ ለሷ እጁን የዘረጋ አንድ ሰው አለ?»

ሼሁ አንገታቸውን ደፉ። እጃቸውን እንደገና ዘረጉና፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «ይችን ያኑርልሽ» አሉ። «አሚን!» ያልኩት ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ባሌም አሚን አለ፤ ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳይነቅል። አማቴ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

በሳምንቱ ባሌ ኮምቦልቻ አብሮኝ ወረደ። ነርሷ አሁንም እኔን ዘላ «ፈቅደዋል?» ብላ እሱን ጠየቀችው።

«ፈቅጃለሁ» አለ።

ያማጥኩት እኔ፣ ልጅ የሞተብኝ እኔ፣ ፈቃዱ ግን ከሱ አፍ! እንክብሉን ከእጇ ተቀበልኳት። አመሰግናለሁ ግን አላልኳትም።